እኔ ነኝ ከደጅ

ገርበብ ያለ በር… ከሥሩ ቀጭን ፀሐይ የሚገባበት፣ ማጠፊያው የዛገ፣ ነፋስ ሲነካው ትንሽ ሄድ ብሎ የሚመለስ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ከበሩ ትይዩ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ እኔ ነኝ። ሌላው ተማሪ ሲመጣ የተማሪ ነው፤ ተማሪ ካልመጣ ባዶውን ይውላል። ጎረቤት ሲጠይቀኝ “ቤቱ ይታፈናል፣ አየር ይግባ ብዬ ነው” እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ… አየርማ በመስኮቱም ይገባል።

ትርንጎ ነው ስሜ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። የምኖረው ወሎ ነው፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ፣ የፋብሪካው ሰፈር በሚባለው። መዝፈን ለሚጀምሩ፣ ዜማ ለሚስቱ፣ ድምፃቸው አልገራ ላላቸው ሰዎች ቀላል ዘፈን መርጬ አለማምዳለሁ። ይህን ስነግረው ሰው “ይህም ሥራ ሆኖ?” ይለኛል። ሆኗል እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።

እኔ ተቀባይ ነበርኩ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ዘፈን በአንድ ሰው አይሞላም። አንዷ ታወጣለች፣ የቀረነው እንቀበላለን። የምታወጣዋ ትጀምራለች፣ ትጣራለች፤ የምንቀበለው እንመልሳለን። የምታወጣ ሰው ስትሳሳት አገር ይሰማታል። ተቀባይ ስትሳሳት ግን ሌላዋ ተቀባይ ትሸፍንላታለች። ለዚህ ነው ተቀባይነትን የወደድኩት። ፈሪ ነኝ፣ ድሮም።

ታወጣ የነበረችው አንሻ ናት።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አወጣች… ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀበልኩ። በፋብሪካው ኪነት ቡድን ሳለን፣ አወጣች፣ ተቀበልኩ። ቡድኑ ሲበተን፣ በሰው ሠርግ፣ በሰው ድንኳን፣ አወጣች፣ ተቀበልኩ። ጡረታ ወጥተን በዚህች ቤት ሰው ማስተማር ስንጀምርም፣ አወጣች፣ ተቀበልኩ። እኔ አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ እሷ ጭራሽ አላገባችም። ሁለት አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ቁልፍ ነበረን።

ልትጀምር ስትል ዘወር ብላ ታየኛለች። “አብሽሪ፣ ትርንጎ” ትለኛለች። “አብሽሪ… እኔ አለሁ።”

አለች ብዬ ኖርኩ።

ማውጣት የሷ ነበር፤ መምረጥ የኔ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለኝ፣ ጀርባው ተገንጥሎ በክር የሰፋሁት። ለጀማሪ የሚሆነውን ዘፈን እዚያ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ቀላል ዘፈን መምረጥ ቀላል ይመስለዋል። እኔ ግን ለአንድ ተማሪ አንድ ዘፈን ፍለጋ ሳምንት ሙሉ የተንገበገብኩበት ጊዜ አለ።

ጀማሪ የሚፈልገው ጠባብ ዘፈን ነው። ከታች እስከ ላይ ሦስት ድምፅ፣ ቢበዛ አራት፤ ከዚያ ወዲያ ጉሮሮው ይጨነቃል። ዘሎ የሚወጣ ዘፈን አልሰጠውም… ሲዘል ይወድቃል፣ ከወደቀ ያፍራል፣ ካፈረ አይመለስም። ግጥም የበዛበትም አልሰጠውም፤ ቃሉን ሲያሳድድ ዜማው ያመልጠዋል። አንቺሆዬ ቅኝትን ከነጭራሹ አላስነካውም፤ እሱ የለመደውንም ሰው ያምሳል። ቀስ የሚል… የሚደጋገም… ልጅ ሆኖ እናቱ ጓዳ ውስጥ ስታንጎራጉር የሰማው ዓይነት። እና ደግሞ፣ ይህን ለሁሉም እናገራለሁ፣ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ድምፅ ላይ ተመልሶ የሚያርፍ።

ቀላል ዘፈን ቤቱን አይረሳም።

አንሻ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። “አንቺ ለዘፈን ቤት ትፈልጊለታለሽ” ትለኛለች፣ “እኔ ደጅ ደጁን እወዳለሁ።”

እውነቷን ነው። ፈረቃችን አንድ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነበር፣ አለዚያ እኔ ቀድሜ እገባለሁ። እሷ ስትመጣ አታንኳኳም። አንድም ቀን አንኳኩታ አታውቅም። ከደጅ ትቆምና…

“እኔ ነኝ ከደጅ…”

ብላ ታወጣለች። እኔም ከውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩም ቢሆን፣ ልብስ እያጠብኩም ቢሆን፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ ተኮሳትሬም ቢሆን…

“ግቢ… በሩ ክፍት ነው።”

አራት ድምፅ ብቻ። አንዱን ትወጪያለሽ፣ ሁለተኛውን ትወጪያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ታርፊያለሽ። ራሷ ናት የፈጠረችው፣ ከሥራ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ። በኋላ የፋብሪካው ሴቶች ለመዱት። ፈረቃ አልቆ ከትልቁ በር ሲወጡ እሷ ታወጣለች፣ ሁለት መቶ ሴት ይቀበላታል፣ ጥጡ ከፀጉራቸው ላይ ሳይራገፍ። በደብተሬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው እሱ ነው። ከሱ የቀለለ ዘፈን አላውቅም።

ሞተች አንሻ።

ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት፣ ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን። በነሱ ደንብ ሴት እስከ መቃብር አትሸኝም። እኔ ክርስቲያን ብሆንም በሷ ደንብ ልሸኛት ብዬ ቀረሁ። ወንዶቹ ተሸክመዋት ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ወጡ… ቁልቁል ወረዱ… መስጊዱ ጋ ሲደርሱ ታጠፉ… የአንድ ሰው ነጭ ቆብ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ታየኝ፣ እሱም ታጠፈ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ዘግቼው አላውቅም።

በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ተማሪዎች ነበሩኝ… ስድስት። ማስተማሩን ብቻዬን ቀጠልኩ። ደብተሬን ገልጬ ዘፈን እመርጣለሁ፤ አፌን ገጥሜ በጉሮሮዬ ድምፁን እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ አብረን እንላለን። ዜማ የሚስተው መሳቱን ይተዋል። ይሰምርለታል። ከዚያ ግን አንድ በአንድ ቀሩ። የመጨረሻዋ ብርነሽ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጆሮዋ መልካም የሆነ። ስትሰናበተኝ “እትዬ፣ እዚህ ሆኜ ደህና እዘፍናለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን መጀመር ያቅተኛል” አለችኝ። “ስለማትለማመጂ ነዋ” አልኳት። ተቆጥቼ ነው ያልኳት።

ያኔ ብሰማት ኖሮ… አልሰማኋትም። ወንበሩ ባዶ ሆነ።

መጡ አቶ ይመር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት።

ክፍቱን በር አንኳኩ። ክፍት በር የሚያንኳኳ ሰው ወይ በጣም ጨዋ ነው፣ ወይ የጨነቀው ነው። እሳቸው ሁለቱንም ነበሩ። ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ጆሯቸውን የማሽኑ ጩኸት የደቆሰው፣ ሲያወሩ እንደ መጮህ የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ቀስ ብለው ነው ያወሩት።

“እትዬ ትርንጎ፣ መዝፈን ልማር ነው የመጣሁ።”

“ሠርግ አለብዎት እንዴ?” አልኳቸው።

“የለብኝም” አሉና ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። “ባለቤቴ ታማብኝ ነው። ዘሀራ። ስምንት ወሯ ነው፣ ግማሽ ጎኗን ያዛት። እግሯ እየተመለሰ ነው፣ ይመስገን። ንግግሯ ግን ሄደ። ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ቃል አይወጣትም። ሐኪም ቤት ያለችው ልጅ ምን አለችኝ፣ አንዳንድ ሰው ማውራት ያቃተው ቃል፣ በዘፈን ጊዜ ይወጣለታል። የምታውቀውን ቀላል ዘፈን ይዝፈኑላት፣ ይሞክሩ አለችኝ።”

“ሞከሩ?”

“ሞከርኩ። እኔ እኮ በራሴ ሠርግ ‘አንተ ዝም በል’ የተባልኩ ሰው ነኝ። ስዘፍንላት መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች። ዜማውን ስለምስተው የቱ ዘፈን እንደሆነ እንኳ አላወቀችውም።”

ነፋሱ በሩን ትንሽ ገፋው፣ መለሰው።

“አንድ ቃል ትበለኝ” አሉ አቶ ይመር። “አንድ ቃል ብቻ። ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም።”

አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው፣ ስድብ ናፈቀው።

ወንበሩን አቀረብኩላቸው። መጀመሪያ የሳቸውን ድምፅ መፈለግ ነበረብኝ፤ ጀማሪን ወደ ራስሽ ድምፅ አትጎትቺውም፣ እሱ ካለበት ነው የምትጀምሪ። “ሰው ከወንዝ ማዶ ሲጠሩ እንደሚጠሩት፣ እስኪ ይጥሩ” አልኳቸው። “ማንን?” አሉኝ። “ያሰኘዎትን።” አሰብ አደረጉና “ዘሀራ…” አሉ፣ ረዘም አድርገው። ያቺን ድምፅ ያዝኳት። ዝቅ ያለች ነበረች። እኔም ወደሷ ወረድኩ።

ከዚያ ዘፈን ምርጫ ጀመርኩ። ደብተሬን ከመሀል ገለጥኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ዘልዬ ነው።

የአውድማ ዜማ ሰጠኋቸው፣ ሰፋባቸው፤ መሀል ላይ ሲወጣ እሳቸው ከታች ቀሩ። የሕፃናት ጨዋታ ሰጠኋቸው፣ ቃሉ በዛባቸው፤ ቃሉን ሲያስታውሱ ዜማው ሄደ። በሦስተኛው ልጅ የሚያስተኙበትን ሰጠኋቸው፣ ሦስት ድምፅ ብቻ ያለውን፣ እሱን ያዙት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በጆሯቸው ሳይሆን በመዳፋቸው እየሰሙ፣ ያዙት። ደስ አለኝ። ዓርብ መጡና “ዘሀራ ይህን አታውቀውም። የሀገሯ አይደለም” አሉኝ።

ለካስ ቀላል መሆኑ ብቻ አይበቃም። ለሷም ቀላል መሆን አለበት።

“የምታውቀው ምንድነው?” አልኳቸው።

“ፈትል ክፍል ሳለች፣ ከፋብሪካው በር ሲወጡ ሴቶቹ የሚሉት ነበር።” ቀና ብለው አላዩኝም። “እርስዎ ያውቁታል። የበሩ ዘፈን ነው።”

አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀው።

ከነዚያ ሁለት መቶ ሴቶች አንዷ ዘሀራ ነበረች። አንሻ ስታወጣ፣ እኔ ስቀበል፣ ዘሀራ ከኋላ ትቀበል ነበር። ስሟን አላውቅም ነበር እንጂ ድምፄ ከድምፅዋ ጋር ስንት ጊዜ አብሮ አርፏል።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ሦስት ዓመት ያልተገለጠ ገጽ፣ ጥጉ ተጣብቆ ነበር። የአንሻ ጽሑፍ አይደለም፣ እሷ አልጻፈችም፣ የኔ ነው። ግን ማየት ከበደኝ። “እኔ ነኝ ከደጅ” የሚለውን በመዳፌ ሸፈን አደረግኩና የታችኛውን አነበብኩላቸው።

“ግቢ… በሩ ክፍት ነው።”

ይህን አስተማርኳቸው። ይህን ብቻ። አንዱን ይወጣሉ፣ ሁለተኛውን ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያርፋሉ። ዘጠኝ ቀን ወሰደባቸው። ስምንት ቀን ማረፊያውን ሳቱት፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ እየተናደዱ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ እየጨመደዱ። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። አራቱም ድምፅ፣ እያንዳንዱ በየቦታው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሳይነገራቸው አወቁት።

“ይህ ነው?” አሉኝ።

“ይህ ነው” አልኳቸው። “ቀላል ዘፈን ቤቱን አይረሳም።”

እየሮጡ ነው የሄዱት ማለት ይቻላል። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀምጬ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ቤታቸውን አሰብኩ፤ አሁን ደረሱ፣ አሁን ዘፈኑላት፣ አሁን መለሰችላቸው እያልኩ። ለሰው መልካም ነገር ሲሆን ብቻሽን ሆነሽ ማሰቡ ራሱ ደስ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ያማል።

በማግስቱ መጡ። ገና ሲያንኳኩ አወቅኩ።

“አልሆነም” አሉ።

“ዜማውን ስተው ነው?”

“እንጃ።”

አስዘፈንኳቸው። እንከን የለውም። እንደገና አስዘፈንኳቸው። ምንም እንከን የለውም።

“እሷ ምን አደረገች?” አልኳቸው።

“አፌን አየች። ስጀምር አፌን ታያለች፣ ስጨርስም አፌን ታያለች። ዘፈኑን አውቃዋለች፣ ዓይኗ ይናገራል፣ ደህናው እጇም ጋቢውን ይመታል። ግን ዝም ትላለች። ከዚያ ደግሞ ዞራ በሩን ታያለች። ሰው የምትጠብቅ ነው የምትመስል።”

ሰው የምትጠብቅ…

ያኔ ገባኝ። ቀስ ብሎ ገባኝ፣ እንደ ብርድ። ዘሀራም ተቀባይ ነበረች። የምትለው ቃል ያው ነው፣ “ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው።” እሱን ደግሞ ባሏ አፍ ላይ አድርጌላታለሁ። ማን ተጣራና ግቢ ትበል? ማን ከደጅ ቆመና በሩን ትክፈት? እሷ የምትጠብቀው የሚያወጣውን ሰው ነው። እኔ ያንን በመዳፌ ሸፍኜዋለሁ።

ብርነሽ ትዝ አለችኝ። ቤቴ ስገባ መጀመር ያቅተኛል ያለችኝ። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። ለስድስት ተማሪ የመረጥኩት ሁሉ፣ አጭሩ፣ ጠባቡ፣ የሚደጋገመው፣ ቀላሉ ሁሉ… ሁሉም የተቀባይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዎችን መልስ ብቻ አስተምሬ ወደየቤታቸው ሰደድኳቸው። እዚያ ደግሞ የሚጣራ የለም። ተቀምጠው ጠበቁ፣ እንደኔ።

አይ ትርንጎ።

“አቶ ይመር” አልኳቸው፣ “ይህ ዘፈን ግማሽ ነው። መጀመሪያ አለው።”

“ታዲያ ያስተምሩኝ።”

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። የዘፈኑን መነሻ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰማሁት ነው፤ ግን አንድም ቀን ከኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

“የምታወጣው ሞታለች” አልኳቸው።

አቶ ይመር ተነሱ። ቆባቸውን አደረጉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ግን ክፋት ሳይኖርበት እንዲህ አሉኝ፦ “አላህ ይማራት። የርስዎዋ ሞታለች፣ እትዬ ትርንጎ። የኔዋ ግን እዚያ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።”

ይህን ብለው ወጡ። በሩን እንደነበረው፣ ገርበብ አድርገው።

ሐሙስ ከሰዓት ሄድኩ፣ ከድልድዩ ማዶ።

የቤታቸው በር አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። አቶ ይመር ደጁ ላይ ጠበቁኝ። “ይግቡና አጠገቧ ይቀመጡ” አልኳቸው። “ምንም አይዝፈኑ። እሷ ወደ በሩ ትይ።” ገቡ። በሩን ገርበብ አደረግኩት። ውስጡ አይታየኝም፤ ደጁ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። የጎረቤት ሴት ልብስ እያሰጣች አየችኝ፣ ዕቃ የምሸጥ ሳልመስላት አልቀረም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ከበር ውስጥ ነበርኩ። ከበር ውጭ እንዲህ ጸጥ እንደሚል አላውቅም ነበር። የምታወጣ ሰው ስህተቷን የሚሸፍንላት የለም። አንሻ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ቆማ ነበር እንዴ… እንዲህ ብቻዋን፣ ከውስጥ የሚመልስ መኖሩን ሳታይ፣ ይኖራል ብላ ብቻ። እኔ ደግሞ ደፋር ስለሆነች ይመስለኝ ነበር።

አብሽሪ፣ ትርንጎ።

የለችም የምትለኝ። እኔው ለራሴ አልኩት።

“እኔ ነኝ ከደጅ…”

ድምፄ ተሰነጠቀ። ዝቅ አድርጌ፣ ለታመመ ጉሮሮ እንዲሆን መርጬ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ተሰነጠቀ። መልሱ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ጠበቅኩ። ምንም የለም።

“እኔ ነኝ ከደጅ…”

ጠበቅኩ። አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሌላ ምንም።

“እኔ ነኝ ከደጅ…”

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ቃል የለውም፣ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። አንዱን ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ተመለሰ፣ አረፈ። ከነጉድለቱ በትክክል አረፈ። ግድግዳውን ይዤ እንደገና አወጣሁት።

“ግ…ቢ…”

አለች ዘሀራ።

“ግቢ… በሩ… ክፍት ነው።”

ሰባት ጊዜ አወጣሁ፤ ሰባት ጊዜ ተቀበለችኝ። በሦስተኛው ላይ አቶ ይመር ጮክ ብለው ማልቀስ ጀመሩ፣ እሷ ግን አላቋረጠችም። እኔም አላቋረጥኩም። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከዚያ ግን ቶሎ አልገባሁም። ግቢ ተብያለሁ… በሩም ክፍት ነው። እኔን ግቢ ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። ደጁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያች ሴት በቀር ማንም ሳያየኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። መነሻውን አቶ ይመርን አስተማርኳቸው። ለዚህ ዘጠኝ ቀን አልፈጀም፣ በሁለት ቀን ያዙት። ለነገሩ መጣራት ያውቁ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ያሰኘዎትን ሰው ይጥሩ ብላቸው የጠሩት እሷን ነው። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ከሰዓት ከገዛ ቤታቸው ይወጣሉ፣ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ከደጅ ቆመው ያወጣሉ። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባቸው፤ አሁን ልጆቹም ሴቶቹም አብረው ይቀበላሉ ይባላል።

በሳምንቱ ሊነግሩኝ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያንኳኩ ነው የገቡት።

“ግባ አለችኝ” አሉ። “ግቢ አይደለም፣ ግባ። ለኔ ብላ ቀየረችው። እኔ ደንግጬ እዚያው ስቆም ደግሞ ምን አለችኝ… ‘ግባ እንጂ፣ ደንቆሮ።’”

እስኪያስለን ድረስ ሳቅን። እያነቡ ሳቁ፣ እኔም እያነባሁ ሳቅሁ። ከዚያ ተነሱ። “ብቻዋን ናት” አሉኝና ቸኩለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ… ቤታቸው የሚመልስላቸው አለ። አልቀየምኳቸውም። ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ደብተሩ ላይ አሁን ከያንዳንዱ ዘፈን በላይ መነሻውን እየጻፍኩ ነው። ብርነሽ ዘንድ መልእክት ልኬያለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ነይ፣ መጀመሪያውን ላስተምርሽ ብዬ። እሺም እምቢም አላለችም።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ፣ አንሻ ከፈረቃ የምትመጣበት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከቤቴ ደጅ ስደርስ ቆምኩ።

ገርበብ ያለ በር… ከሥሩ ቀጭን ፀሐይ የገባበት፣ ማጠፊያው የዛገ፣ ነፋስ ሲነካው ትንሽ ሄድ ብሎ የሚመለስ። ከዚህ በኩል ቆሜ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዳቦውን እንደያዝኩ፣ በማንም ሳይሆን በራሴ ድምፅ፣ አወጣሁት።

“እኔ ነኝ ከደጅ…”

መልሱ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ጠበቅኩ። አንዱን ይወጣል፣ ሁለተኛውን ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ያርፋል። ውስጥ ማንም የለም። ሁለቱም ወንበር ባዶ ነው። አንሻ ሞታለች።

ገፋ አደረግኩት። ክፍት ነበር። ገባሁ።